የጎማ ኩሽኔታ ሲጮህ፦ ምንነቱ፣ መለያውና አቀያየሩ

የጎማ ኩሽኔታን ማንም አያስታውሰውም፣ እስኪጮህ ድረስ። የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ፣ ጎማውን እያሽከረከረ፣ በየመታጠፊያው ከጎን የሚመጣውን ግፊት እየቻለ ዓመታት ይቆያል። መጮህ ሲጀምር ግን ጣጣው ይመጣል። መጀመሪያ ጎማ ነው ይባልና ጎማ ይቀየራል። ቀጥሎ ዲፈረንሻል ነው ይባላል። መጨረሻ ላይ ኩሽኔታ መሆኑ ይታወቅና የተሳሳተው ጎን ይፈታል። ሥራው ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ገንዘብ የሚበላው ሳይለዩ መፍታትና አዲሱን በመዶሻ ደብድቦ መግጠም ነው።

ዕቃው ሲታይ ቀላል ነው። የውስጥ ቀለበት አለው፣ የውጭ ቀለበት አለው፣ በመሀላቸው ኳሶች ወይም ሮለሮች ይሽከረከራሉ። ግሪስ ይሞላና ዳርና ዳሩ በላስቲክ ይታሸጋል። ብረቱ 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮም ያለው እጅግ ጠንካራ ብረት ነው። ፊቱ መስታወት እስኪመስል የተወለወለ ስለሆነ በዓይን የማትታይ ጉድጓድ እንኳ ትበቃዋለች፤ ኳሱ በእያንዳንዱ ዙር እዚያች ጉድጓድ ላይ ይመታል፣ ጠርዟ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ግሪሱ ውስጥ ገብቶ የቀረውን ይፈጫል። ስለዚህ አንዴ መጮህ የጀመረ ኩሽኔታ አይድንም። ግሪስ ቢጨመርበት ለጥቂት ቀን ዝም ይል ይሆናል እንጂ።

ሐሳቡ ከመኪና ይቀድማል። ፊሊፕ ቮን የተባለ ዌልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1794 የፈጠራ መብት ያወጣው ለሠረገላ አክስል በተሠራ የኳስ ኩሽኔታ ነበር። በ1898 ደግሞ ሄንሪ ቲምከን የተባለ አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ ሾጣጣውን ሮለር አስመዘገበ፤ ይህ ዓይነት ዛሬም ከባድ መኪና ላይ ሥራውን አልለቀቀም። የመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታዩዋቸው ስሞችም ያረጁ ናቸው፦ የስዊድኑ ኤስኬኤፍ በ1907፣ የጃፓኖቹ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤንና ኮዮ በ1916፣ በ1918 እና በ1921 የተቋቋሙ ናቸው።

እኛ መንገድ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሾጣጣው ሮለር ነው፤ በአንድ ጎማ ላይ ሁለት ሆነው አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ይቀመጣሉ፣ በዳዶ ይስተካከላሉ፣ ይታጠባሉ፣ እንደገና ግሪስ ይሞላሉ። የድሮው ላዳ የፊት ጎማ እንዲህ ነው፤ ላንድክሩዘር 70 እና አሮጌው ባለ ሙሉ አክስል ሃይሉክስም እንዲሁ። ሁለተኛው ታሽጎ የሚመጣና በፕሬስ ተጭኖ የሚገባው ነው፤ የቪትዝና የብዙ ኮሮላዎች የፊት ጎማ ላይ ያለው እሱ ነው። ሦስተኛው ከነሀቡ፣ ማለትም ጎማው ከሚታሰርበት መሀለኛ ብረት ጋር፣ አንድ ላይ ተሠርቶ በብሎን ብቻ የሚታሰረው ነው። የቪትዝ የኋላ ጎማ በአራት ብሎን ስለሚፈታ መካኒኮች ይወዱታል። የእናንተ መኪና የትኛው እንዳለው ሳታውቁ ስለ ዋጋ አትደራደሩ፤ ሥራው በጣም ይለያያል።

ምን ይገድለዋል? አንደኛ ውሃ ነው። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ስታቋርጡ በፍሬንና በጉዞ የሞቀው ሀብ ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ባረጀው ላስቲክ ዳር ውሃና ጭቃ ይስባል። ላቫጆ ላይም ያው ነው፤ ልጁ በግፊት የሚረጨውን ውሃ ጎማው መሀል ላይ ካነጣጠረው ላስቲኩን አልፎ ይገባል። ሁለተኛ ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው፤ በፍጥነት ሲመታ ኳሱ ቀለበቱን ያጎደጉደዋል። ሦስተኛ ጭነት ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሰው ሲጫን ሂሳቡን የሚከፍለው የኋላ ኩሽኔታ ነው። ለማማር ተብሎ ቸርኬን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ስፔሰር ማስገባትም ክብደቱን ካልታሰበበት ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ብየዳ ነው። የብየዳው ማሽን መሬት ሽቦ ሩቅ ቦታ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ኳሶቹም ላይ ቃጠሎ ይተዋል።

ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ፈጽሞ ሳይዞር የሚጎዳ ኩሽኔታ አለ። ቆሞ እየተንቀጠቀጠ የሚጓዝ መኪና፣ ለምሳሌ በባቡር የተጫነ፣ ኳሶቹ አንድ ቦታ ላይ ሲፈትጉ ግሪሱን ገፍተው ቀለበቱን ይቦረቡሩታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ መኪኖች በባቡር ረጅም መንገድ ሲጓጓዙ ይህ ችግር ብዙ አስቸግሮ ነበር።

ወደ ድምፁ እንምጣ። የተበላ ኩሽኔታ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያጉረመርማል። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ላይ ይሰማችኋል፤ ፍጥነት ሲጨምር እሱም ይጨምራል። ከተማ ውስጥ ያልሰማችሁትን የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ልትሰሙት ትችላላችሁ፣ አስፋልቱ ልሙጥ ስለሆነ የሚሸፍነው ሌላ ጫጫታ የለም። ለመለየት መጀመሪያ ማርሹን ፎሌ አድርጉት። ሞተሩ ወርዶ ድምፁ ባለበት ከቀጠለ ከሞተር አይደለም፤ ከሚዞረው ነገር ነው። ቀጥሎ አስፋልቱ ሲቀየር አዳምጡ። ሻካራ መንገድ ላይ ጨምሮ ልሙጡ ላይ የሚጠፋ ከሆነ ጎማችሁ ወጣ ገባ ሆኖ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ኩሽኔታ ግን መንገዱ ቢቀየርም ግድ የለውም። ጠበብ ባለ ቦታ ስትዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ሲቪ ጆይንቱን፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረውን አክስል መገጣጠሚያ፣ ጠርጥሩ።

የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ ባዶ በሆነ ሰፊ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጉ። ወደ ግራ ስትሄዱ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይዞራል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞር ጩኸቱ ከበረታ ተጠርጣሪው ቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ከበረታ ግራ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ፍርድ ግን አይደለም። ድምፅ በቦዲው ብረት ላይ ይጓዛል፤ ከፊት የመጣ የሚመስል ጩኸት ከኋላ ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል። ጆሮ ብቻውን ዕቃ አያስገዛም።

ማረጋገጫው ክሪክ ላይ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ፣ አንሱትና ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ክሪክን ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ሞት ነው። አሁን አንድ እጃችሁን የአሞርዛተሩ ሞላ ላይ አሳርፉ፣ በሌላው ጎማውን ፈጠን አድርጋችሁ አዙሩ። ሞላው ጆሮ ያልሰማውን ይነግራችኋል። ደህና ኩሽኔታ ካለ እጃችሁ ምንም አይሰማውም። ካለቀ ግን ከሞላው በኩል አሸዋ ላይ የሚንከባለል ነገር የሚመስል ሻካራ ንዝረት ጣታችሁ ላይ ይመጣል። በሌላው ጎን ደግማችሁ አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከግልጽም ግልጽ ነው። የኋላ ጎማ ላይ ሞላው ላይ እጅ ማድረስ ካልተመቸ ጆሮን ወደ ሀቡ ማስጠጋት ይሻላል።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁት። ቀጭ ካለ ልቅነት አለ ማለት ነው፤ የማን ልቅነት እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬኑ ተይዞ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱን ወይም ሌላውን የእግር ዕቃ ተመልከቱ። በግራና በቀኝ ተይዞ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው ቴስቲና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ጎማውን ነቅንቀው «ምንም የለውም» ይሉና ይመልሷችኋል። ታሽጎ የሚመጣው ኩሽኔታ ግን ምንም ሳይነቃነቅ ክፉኛ ሊጮህ ይችላል። ልቅነት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ሊበራ ይችላል፣ ምክንያቱም የፍጥነት ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው ላይ ነው። የፍሬን ፔዳል ከወትሮው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የሚወላገደው ዲስክ የፍሬን ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሀቡ ከሌሎቹ በላይ የሚሞቅ ከሆነም ጥሩ አይደለም፣ ግን የተጣበቀ ፍሬንም እንዲሁ ያሞቃልና ብቻውን አትፍረዱበት። «ስንት ጊዜ ልነዳው እችላለሁ?» ለሚል፣ ማጉረምረም ብቻ ከሆነ በቀጠሮ ይቀየራል፤ ልቅነት ካለው ወይም ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከመጣ ግን መኪናው ባለበት ይቁም። መጨረሻው ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ መሄድ ነው።

አሁን አቀያየሩ። በፕሬስ የሚገባውን እንውሰድ፣ ምክንያቱም ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው እዚያ ነው። የአክስሉ ትልቅ ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላል፤ ክሪክ ላይ ሆኖ በትልቅ ኃይል መታገል መኪናውን ይጥለዋል። ከዚያ ጎማው ይወልቃል፣ የፍሬን ካሊፐሩ ይፈታና በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በፍሬን ጎማ ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። ዲስኩ፣ የኤቢኤስ ሴንሰሩ፣ ቴስቲናው፣ ቦል ጆይንቱና የአሞርዛተሩ ሁለት ብሎኖች ሲፈቱ ኩሽኔታውን የያዘው ትልቁ ብረት፣ ናክሉ፣ ሙሉውን ይወጣል። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ይህን ብረት ይዞ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። አንዳንዱ ግን አይሄድም፣ መዶሻ ያነሳል።

ፕሬሱ ላይ መጀመሪያ ሀቡ ይገፋል። ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ግማሽ ይዞ ይወጣል፤ እሱ በግራይንደር በጥንቃቄ ይቀደድና በስካርፔሎ ይመታል፣ ሀቡን ግን ሳይነኩ። ከዚያ መያዣ ቀለበቱ ይወጣል፣ አሮጌው ይገፋል፣ ቤቱ ይጸዳል። አዲሱ ሲገባ ሕጉ አንድ ነው፦ ኃይሉ የሚያርፈው እየጠበቀ በሚገባው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። ወደ ናክሉ ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ነው። ቀጥሎ ሀቡ ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ከሥር የሚደገፈው የውስጡ ቀለበት ነው። የውስጡን ገፍቶ የውጭውን ማስገባት ማለት ኃይሉን በኳሶቹ ማሳለፍ ነው፤ ኳሶቹ ቀለበቱን አጎድጉደውት ይገባሉ፣ መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ያው ጩኸት ይመለሳል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ግን ዕቃው ንጹሕ ነበር።

ሲመለስ የአክስሉ ዳዶ በቶርክ ሬንች ይጠብቃል። ቪትዝና ኮሮላ ላይ በብዙዎቹ ሞዴሎች 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የጎማ ዳዶዎቹ ደግሞ 103። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እጁ ግን 216ን አያውቅም። ይህ ዳዶ የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ሁለት ግማሾች አጣብቆ የሚይዝ ነው፤ ከላላ ኩሽኔታው ይከፈታል። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ላይ አሳርፎ መግፋትም አዲሱን ኩሽኔታ ይጎዳል። የአሞርዛተሩ ብሎኖች ስለተፈቱ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ መታየት አለበት።

ሾጣጣው ሮለር ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። አሮጌው ግሪስ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል፣ አዲሱ በመዳፍ እየተገፋ በሮለሮቹ መሀል በወዲያኛው በኩል እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ መቀባት መሙላት አይደለም። ከዚያ ጎማው እየዞረ ዳዶው ይጠብቃል፣ ይላላል፣ እንደገና ቀለል ተደርጎ ይጠብቃል። ላንድክሩዘሩ ላይ ሁለት ዳዶና በመሀላቸው የሚታጠፍ መቆለፊያ አለ፣ የሚፈታውም በ54 ሚሊሜትር ቡሶላ ነው። ቡሶላው የሌለው ሰው ዳዶውን በስካርፔሎ ሲመታ ታዩታላችሁ፤ ዳዶውን ዓይታችሁ ስንት ሰው እንደዚያ እንዳደረገ መቁጠር ይቻላል። በጣም የጠበቀ ሾጣጣ ከላላው ቶሎ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ሀቡን በእጅ መንካትና ልቅነቱን ደግሞ ማየት ነው።

ዕቃ መግዛት ላይ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሁሉ አለ፣ ሞተርም በርም ሊገዛ ይችላል፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግን ባይገዛ እመክራለሁ፤ በፕሬስ የሚገባውን ለመፍታት ራሱ ኳሶቹ ተገፍተው ነው የወጡት። አዲስ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አሮጌው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኩሽኔታው አንዱ ፊት ማግኔት ይኖረዋል። ያ ፊት ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ትንሽ የስቴፕለር ሽቦ ቀስ ብሎ ማስጠጋት ይበቃል። ገልብጦ የገጠመ ሰው መብራቱ ሲበራ ሴንሰር ይቀይራል፣ ከዚያ ሽቦ ይፈትሻል፣ መጨረሻ ላይ ኩሽኔታውን ያወጣል፤ ሲያወጣው ደግሞ ይበላሻል።

ሁለቱንም ጎን አብሮ መቀየር ግድ ነው የሚሉ አሉ። ግድ አይደለም። አሞርዛተር በጥንድ ይቀየራል፣ ኩሽኔታ ግን የሞተው ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ሌላኛው ሞላው ላይ በእጅ ተፈትሾ ልስልስ ካለ ይተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚንና ናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ መንገዱን እየሞሉት ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይም ይኸው ፍተሻ ይሠራል። እነሱ በባትሪው የተነሳ ይከብዳሉ፣ ኩሽኔታቸው ላይ ያለው ጫናም በዚያው ልክ ነው። ሞተራቸው ዝም ስለሚል ግን ኩሽኔታው ገና ማጉረምረም ሲጀምር ይሰማል፤ የቤንዚን መኪና ቢሆን ሳይሰማ ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር።