ፒተርሰን ዛህ፦ አስተማሪው የናቫሆ ፕሬዚዳንት

ፒተርሰን ዛህ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የናቫሆን ሕዝብ ሁለት ጊዜ መርተዋል። መጀመሪያ ከ1983 እስከ 1987 በሊቀመንበርነት፣ ቀጥሎ ከ1991 እስከ 1995 በፕሬዚዳንትነት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሬዚዳንት ተብለው የተመረጡ የመጀመሪያው ሰውም እሳቸው ናቸው። የተማሩት ግን አስተማሪነት ነው። ሥልጣን ላይ ሳሉም ሆነ ከወረዱ በኋላ፣ ዞረው ዞረው የሚመለሱት ወደ ትምህርት ጉዳይ ነበር።

የናቫሆ ምድር በአሜሪካ ከነባር ሕዝቦች ክልሎች ሁሉ ሰፊው ነው። 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ይነካል። ዋና ከተማው ዊንዶው ሮክ ይባላል። የራሱ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አለው። ከመሬቱ ሥር የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ፣ ጋዝና ዩራኒየም ሞልቷል። ከላይ ደግሞ መብራትም የቧንቧ ውኃም ያልገባለት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ሀብቱ ይወጣል፣ ሕዝቡ ግን ደሃ ነው። ዛህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

የተወለዱት በ1937 ሎው ማውንቴን በተባለ ራቅ ያለ የአሪዞና አካባቢ ነው። ቦታው ናቫሆዎችና ጎረቤቶቻቸው ሆፒዎች ለብዙ ዓመታት ሲወዛገቡበት የኖሩት መሬት አካል ነው። በዚያ ዘመን የናቫሆ ልጅ ትምህርት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ርቆ መንግሥት በሚያስተዳድረው አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙት ልጆቹን ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ለመነጠል ነው። ዛህም ፊኒክስ ከተማ ከነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ኮሌጅ ለአንተ አይሆንም ቢባሉም አልሰሙም። በቅርጫት ኳስ ችሎታቸው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ በ1963ም በትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመልሰው የአናጢነት ሙያ አስተማሩ።

እንደ እኔ ከሆነ፣ ከሕይወታቸው ሁሉ በደንብ መታየት ያለበት ከፖለቲካ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ዲ ኤን ኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የነጻ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ ለዓመታትም በዳይሬክተርነት መርተውታል። (ስሙ ከዘረመል ጋር አይገናኝም፤ የናቫሆ ቃላት ምህጻር ነው።) ጠበቃ የሚባል አይቶ ለማያውቅ እረኛና አሮጊት በራሳቸው ቋንቋ የሚያናግር ቢሮ ተከፈተ። ድርጅቱ ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ የ16 ዶላር ከ20 ሳንቲም ጉዳይ ነበር። አንዲት የናቫሆ ሴት በ1967 ከደሞዟ ለአሪዞና ግዛት የተቆረጠባት ግብር ነው። ገቢዋን ያገኘችው በናቫሆ ክልል ውስጥ ሠርታ ስለሆነ፣ ግዛቱ ምን አገባው ተባለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1973 ተፈረደላት። ለአንድ ሰው የምሳ ገንዘብ ነው። ለነባር ሕዝቦች ግን ግዛቶች እጃቸውን እንዲሰበስቡ ያደረገ ውሳኔ ሆነ።

በ1982 ምርጫ ለረጅም ጊዜ ሥልጣን ላይ የቆዩትን ፒተር ማክዶናልድን አሸነፉ። ያኔም የግብር ነገር አልቀረላቸውም። ናቫሆ በማዕድን ኩባንያዎች ላይ የጣለውን ግብር ከርማጊ የተባለው ኩባንያ በፍርድ ቤት ሲቃወም ቆይቶ፣ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለናቫሆ ፈረደ። ከዋሽንግተን ፈቃድ ሳይጠይቅ ግብር መጣል ይችላል ማለት ነው። የከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ኮንትራቶችም እንደገና ድርድር ተደርጎባቸው ክፍያቸው ከፍ አለ።

ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ሁሉም አምጡ አምጡ ይላል። ዛህ በዚያው በ1985 ቋሚ ፈንድ አቋቋሙ። ከየዓመቱ ገቢ ላይ 12 በመቶ እንዲገባበት፣ ለ20 ዓመታት ደግሞ እንዳይነካ ተደረገ። ለፖለቲከኛ ይህ አይመችም። የሚመርቀው ድልድይ የለ፣ የሚቆርጠው ሪባን የለ። ፈንዱ ዛሬ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል። እሳቸው ግን በ1986 ምርጫ በጠባብ ልዩነት በማክዶናልድ ተሸነፉ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በ1989 ማክዶናልድ ከሥልጣን ታገዱ፤ ዊንዶው ሮክ ውስጥ በተነሳ ግጭትም ሁለት ሰዎች ሞቱ። ምክር ቤቱ ሥልጣን አንድ ሰው እጅ እንዳይከማች መንግሥቱን በሦስት አካላት ከፍሎ አዋቀረ። ሊቀመንበርነት ቀርቶ ፕሬዚዳንትነት መጣ፤ በ1990 ሕዝቡ ዛህን መረጠ። በዚህ ዘመናቸው ከሚጠቀሱላቸው ሥራዎች አንዱ ፔዮቴ የተባለውን ቁልቋል ነባር አሜሪካውያን ለአምልኮ እንዲጠቀሙበት የሚፈቅደው የ1994 የፌዴራል ሕግ እንዲወጣ ያደረጉት ውትወታ ነው።

አኗኗራቸው ቀለል ያለ ነበር። ዋሽንግተን ሲሄዱ ሱፍ ይለብሳሉ። አገር ቤት ግን በ1950ዎቹ የተሠራች አሮጌ ፒክአፕ እየነዱ ይዞራሉ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሰው ብሶት ይሰማሉ። የሆፒው ሊቀመንበር አይቫን ሲድኒ የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበሩ። ሁለቱ ያለ ጠበቃ ፊት ለፊት ተገናኝተው ስለ ሕዝቦቻቸው ለመነጋገር ተስማሙ። የመሬቱ ውዝግብ በዚያ አልተፈታም፤ ቢያንስ ግን መነጋገር ተቻለ።

ከፕሬዚዳንትነት ሲወርዱ በ1995 ወደ ተማሩበት አሪዞና ስቴት ተመለሱ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የነባር አሜሪካውያን ጉዳይ አማካሪ ሆነው። እዚያ 15 ዓመት ገደማ ሠሩ። የነባር ሕዝብ ተማሪዎች ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ጀምሮ የሚያቋርጠውም ቀነሰ። አንድ የገፉበት ጉዳይ የክፍያ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ግዛት የመጣን ተማሪ አብልጦ ያስከፍላል። የናቫሆ ልጅ ደግሞ ቤቱ ከግዛት ድንበር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ የእሱ ምርጫ አይደለም። ድንበሩን ያሰመሩት ሌሎች ናቸው። ዛህ የኒው ሜክሲኮና የዩታ ናቫሆዎችም እንደ አገሬው ልጅ እንዲከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ይወተውቱ ነበር።

ያረፉት በማርች 2023፣ በ85 ዓመታቸው፣ ናቫሆ ምድር ላይ ፎርት ዲፋያንስ ውስጥ ነው።