የሌሊት ፎቶግራፍ በዲጂታል ካሜራ

የሌሊት ፎቶግራፍ የሚባለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከቤት ውጭ፣ በመንገድ መብራት፣ በጨረቃ ወይም በከዋክብት ብርሃን የሚነሳው ነው። ቀን በሰከንድ መቶኛ የሚገኘው ብርሃን ሌሊት ለመጠራቀም ብዙ ሰከንዶች ስለሚፈጅ፣ ሥራው ከምንም በላይ ጊዜን የመመጠን ሥራ ነው።

ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ምስል ወደሚቀይረው የካሜራው ክፍል፣ የሚደርሰውን ብርሃን የሚወስኑት ሻተሩ፣ ማለትም የሴንሰሩ መጋረጃ፣ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜና የሌንሱ ቀዳዳ፣ ማለትም የአፐርቸሩ፣ ስፋት ናቸው። አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው ማስተካከያ ግን ሴንሰሩ የተቀበለውን ምልክት ያጎላል እንጂ ብርሃን አይጨምርም፤ ምልክቱም ከነእንከኑ ስለሚጎላ በፎቶው ጨለማ ክፍሎች ላይ «ኖይዝ» የሚሉት ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ የሚነሳው ሕንፃ ወይም ድልድይ ከሆነ አይኤስኦውን 100 ወይም 200 ላይ ትቶ ጊዜውን ማስረዘም ይሻላል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ሻተሩን በራሳቸው እስከ 30 ሰከንድ ከፍተው ያቆያሉ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ለሌላ 30 ሰከንድ ዝም ካለ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሻተሩን ዘግቶ ሁለተኛ ፎቶ በማንሳት የሴንሰሩን ነጠብጣብ ከመጀመሪያው ላይ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል።

ለእንዲህ ያለ ቆይታ ባለሦስት እግር ማቆሚያ የግድ ያስፈልጋል። ቁልፉን በጣት መጫን ራሱ ካሜራውን ስለሚያነቃንቅም የ2 ሰከንድ ታይመር መጠቀም ይበጃል።

ጀማሪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ፎከስ፣ ማለትም ምስሉን አጥርቶ ማውጣት፣ ነው። አውቶፎከስ የብርሃንና የጥላን ልዩነት አንብቦ የሚሠራ በመሆኑ በጨለማ ወዲያና ወዲህ ሲባዝን ይቆያል፤ ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ቀይሮ፣ ሩቅ ያለ መብራት ወይም ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ ነጥቡ እጅግ እስኪያንስ ድረስ የሌንሱን ቀለበት ማዞር ነው የሚያዋጣው። የብርሃን መለኪያውም ቢሆን የቀረበለትን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለሆነ ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል። ጨለማ ለለመደ ዓይን ደግሞ ደብዛዛ ፎቶ በስክሪኑ ላይ ብሩህ ሆኖ ስለሚታየው፣ ውጤቱን በሂስቶግራም፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማና ብሩህ ክፍሎች መጠን በሚያሳየው ግራፍ፣ መመዘን ይገባል።

የከተማ ሌሊት ምርጥ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ አይደለም። ፀሐይ ከአድማስ በታች ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ገደማ ስትወርድ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሰማዩና የመብራቶቹ ድምቀት ስለሚቀራረብም የሕንፃዎቹ ጠርዝ ጎልቶ ይወጣል። ከዋክብት ግን ሙሉ ጨለማ ይሻሉ፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ቆይታው ሲረዝም ከነጥብነት ወደ መስመርነት ይለወጣሉ። ነጥብ ሆነው የሚቀሩበትን ረጅሙን ቆይታ ለማወቅ የተለመደው መመሪያ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (በሚሊሜትር ለሚሰጠው የሌንሱ ቁጥር) ማካፈል ሲሆን፣ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ ባለ20 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ይሰጣል፤ ብዙ ፒክስል ላላቸው ካሜራዎች ግን ይህ ልክ ይበዛል። ጨረቃ በፀሐይ የምትበራ በመሆኗ ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች፤ ሙሉ ስትሆን በኤፍ 11 አፐርቸርና በአይኤስኦ 100 የሰከንድ አንድ መቶኛ ይበቃታል።