የትሬድ ገደብ ምንድን ነው? ትሬድ ሲበዛ ስሌት ለምን ይንቀረፈፋል?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ድሩ (በእንግሊዝኛው ትሬድ) ሲበዛ የሚታሰረው ሸማኔው ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እንበልና ላፕቶፓችሁ 8 ኮር፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈጽሙ 8 የፕሮሰሰር ክፍሎች፣ አለው። ትልልቅ ማትሪክሶችን የሚያባዛ ከባድ ስሌት በፓይተን ጽፋችኋል። «8 ኮር ካለኝ ለምን ስምንቱንም አላሠራም?» ብላችሁ ሥራውን ለ8 ፕሮሰስ (ለየብቻ ለሚሠሩ 8 የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ታከፋፍላላችሁ። ፋኑ ይጮሃል። የፕሮሰሰሩ መለኪያ 100 ፐርሰንት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስሌቱ ግን ፈቀቅ አይልም። አንዳንዴ ጭራሽ በአንድ ፕሮሰስ ብቻ ራን ስታደርጉት ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማትሪክሱን የሚያባዛው የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ የሆነው ናምፓይ ራሱ አይደለም። ሥራውን ከስር ላለ የሊኒያር አልጀብራ ላይብረሪ ያቀብላል፤ ብዙውን ጊዜ ለኦፕንብላስ ወይም ለኢንቴል ኤምኬኤል። እነዚህ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው የማሽኑን ኮር ቆጥረው በዚያው ልክ ትሬድ ይከፍታሉ። 8 ፕሮሰስ፣ እያንዳንዱ 8 ትሬድ፤ በድምሩ 64 ትሬድ 8 ኮር ላይ ይሻማል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንዱን አስነስቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ፣ ካሽ (ኮሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ) ውስጥ የነበረው ዳታ ተገፍቶ ወጥቶ እንደገና ከራም ሲጫን ጊዜው ይበላል። መለኪያው 100 ፐርሰንት የሚለው ይህንን ግርግር ጭምር ቆጥሮ ነው። ባለሙያዎቹ ኦቨርሰብስክሪፕሽን ይሉታል።

ትሬድ ማለት ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ ሊሠራ የሚችል አንድ የትእዛዞች ሰልፍ ነው። ኮር ደግሞ ትእዛዞቹን የሚፈጽመው የፕሮሰሰሩ ክፍል። ትሬድ እንዳሻችሁ መክፈት ትችላላችሁ፤ ኮሩ ግን ያው ነው። የትሬድ ገደብ የምንለው ለሶፍትዌሩ «ከዚህ በላይ እንዳትከፍት» ብሎ ቁጥር መስጠት ነው።

ቁጥሩ የሚሰጥበት ቦታ ይለያያል። ፓይተን ላይ የተለመደው መንገድ «ኦኤምፒ ነም ትሬድስ» የሚባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ 1 ወይም የፈለጋችሁትን ቁጥር ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ናምፓይን ኢምፖርት ካደረጋችሁ በኋላ ብትቀይሩት ሰሚ የለም። ላይብረሪው ቁጥሩን የሚያነበው ሲነሳ ነው። ስለዚህ ያቺ መስመር ከኢምፖርቱ በላይ መሆን አለባት። መሀል ላይ መቀየር ግድ ከሆነ ትሬድፑልሲቲኤል የሚባል ትንሽ ፓኬጅ አለ።

ማትላብ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ውስጥ «ማክስ ነም ኮምፕ ትሬድስ» የሚባል ፈንክሽን ይህንኑ ይሠራል። ማትላብ በትይዩ የሚያስነሳቸው የፕሮሰስ ወርከሮች ካልነካኳቸው በነፍስ ወከፍ አንድ ትሬድ ብቻ ነው የሚይዙት። በእኔ እይታ ትክክለኛው ውሳኔ ይኸው ነው፦ ሥራውን የሚከፋፍለው ወይ ላይኛው (ፕሮሰሶቹን የሚከፍተው) ይሁን ወይ ታችኛው (ላይብረሪው)፤ ሁለቱም አለቃ ከሆኑ ጣጣ ነው። ጁሊያ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ደግሞ የቋንቋው የራሱ ትሬድ እና የብላስ (ከስር ያለው የሊኒያር አልጀብራ ላይብረሪ) ትሬድ ለየብቻ ይወሰናሉ። አንዱን ቀንሶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ሊኑክስ ላይ ታስክሴት በሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን የተወሰኑ ኮሮች ላይ ማሰር ይቻላል። ይህ የሚወስነው ቦታውን እንጂ ብዛቱን አይደለም። 8 ትሬድ የከፈተን ፕሮግራም 2 ኮር ላይ ብታስሩት ስምንቱም እዚያችው ይጨናነቃሉ።

ታዲያ ስንት ይሁን? መጀመሪያ ኮሮቹን በትክክል ቁጠሩ። ሲስተሙ 16 ቢላችሁ፣ አንዱን ኮር ሁለት አስመስሎ በሚያሳየው በሀይፐርትሬዲንግ ምክንያት እውነተኛው ኮር 8 ሊሆን ይችላል። ማትሪክስ ማባዛት ደግሞ የኮሩን የሂሳብ ክፍል አንዱ ትሬድ ብቻውን የሚሞላ ሥራ ስለሆነ ሁለተኛው ብዙም አይጨምርለትም። ቀጥሎ የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 (እ.ኤ.አ.) ያነሳውን ነጥብ አስቡ። ከሥራችሁ 10 ፐርሰንቱ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ በ8 ኮር የምታገኙት ፍጥነት 8 እጥፍ ሳይሆን 4.7 እጥፍ ገደማ ነው። ሺህ ኮር ቢኖራችሁም 10 እጥፍ አትደርሱም። ከዚያ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እየሞከራችሁ ሰዓት ያዙ። ከ4 ወደ 8 ስትሄዱ ጊዜው ካልቀነሰ 4 ላይ አቁሙ፤ በተለይ ሰርቨሩን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩት ከሆነ።

አንድ የማይጠበቅ ነገር ልጨምር። የትሬድ ቁጥር መልሱንም ሊነካ ይችላል። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2ን ደምራችሁ 0.3 ብትጨምሩ 0.6000000000000001 ይወጣል። 0.2 እና 0.3ን አስቀድማችሁ 0.1ን ብትጨምሩ ግን 0.6 ነው። ትሬዶች ድምርን ተካፍለው ሲሠሩ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፣ የመጨረሻዋ አሃዝም አብራ። ስለዚህ በአንድ ኮድና በአንድ ዳታ የእናንተና የባልደረባችሁ ውጤት 15ኛው አሃዝ ላይ ከተለያየ፣ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት በስንት ስንት ትሬድ ራን እንዳደረጋችሁ ተጠያየቁ።