ሊትየም ባትሪ ለካምፐር (ማደሪያ ላለው መኪና)፦ «አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መክተት ነው» ለምትሉ

«መጠኑ አንድ ነው እኮ፣ የአሲዱን ባትሪ አውጥቼ ሊትየሙን እዛው እከተዋለሁ» ሲሉኝ በቃ ሰልችቶኛል። የማወራው ስለ ማደሪያው ክፍል ባትሪ ነው፣ ሞተር ስለሚያስነሳው አይደለም። ሻጩም እንደዛ ብሎ ነው የሚሸጠው። አዎ መጠኑ አንድ ነው፣ ብሎኑም ይገጥማል፣ ማንም አልካደም። ጣጣው ያለው ከፊት ሞተሩ ጋ፣ ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ ላይ ነው።

የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲመጣ የሚስበው ከረንት በራሱ ይቀንሳል፣ ዲናሞውም ትንፋሽ ያገኛል። ሊትየም ግን ውስጣዊ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። ዲናሞው ላይ 120 አምፔር ተብሎ የተጻፈው ደሞ ሞተሩ በደንብ ሲዞር የሚያወጣው ነው፣ ለሰዓታት ያለ እረፍት ይችለዋል ማለት አይደለም። በተለይ ቆሞ በሚኒሞ ሲሰራ ማቀዝቀዣ ፋኑ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ያኔ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። አንድ ደንበኛዬ ባትሪው ቶሎ ይሙላልኝ ብሎ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ለረጅም ሰዓት አስነስቶ ተወው፣ እኔ ጋ ሲመጣ የዲናሞው ጥቅል ሽቦ ጠቁሮ ቫርኒሹ ተቃጥሎ ይሸታል። «ባትሪው እኮ አዲስ ነው» ይለኛል። አዲስ በመሆኑማ ነው!

ሌላም አለ። ቢኤምኤሱ፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰርኪዩት፣ አደጋ ሲያይ ባትሪውን በድንገት ይቆርጠዋል። ዲናሞው በሙሉ ጉልበት እየሰጠ እያለ ከረንቱን የሚወስደው ባትሪ ሲጠፋበት ቮልቴጁ ይዘላል፣ የዲናሞው ዳዮዶች ይሄዳሉ፣ እድለኛ ካልሆናችሁ ሌላ ኤሌክትሮኒክስም ይዞ ይሄዳል።

መፍትሄው በዲናሞውና በሊትየሙ መሀል ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር መግጠም ነው፣ ማለትም ከዲናሞው የሚወሰደውን ከረንት ልክ የሚያስይዝ ቻርጀር። 30 አምፔር የሚሰጥ ከሆነ ዲናሞው ከዛ ብዙም የማያልፍ ነው የሚጠየቀው፣ ባዶ የነበረ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ ይሞላል። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ደሞ ግዴታ በሉት፣ ምክንያቱም ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው የዲናሞውን ቮልቴጅ ስለሚያወርዱት ያለ ቻርጀሩ ሊትየሙ በደንብ ላይሞላ ይችላል። ገመዱ ላይ ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ይግባ፣ በአንዱ በኩል የማስነሻው ባትሪ፣ በሌላው በኩል ሊትየሙ አለ እኮ። የብዙ ሰው ስራ ላይ አንዱ ጫፍ ባዶ ነው።

ሌሎቹን የምሰማቸውን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ሊትየም ይፈነዳል»፦ ስልክ ውስጥ ያለውና ካምፐር ውስጥ የሚገባው ሊትየም አይረን ፎስፌት ኬሚስትሪያቸው ይለያያል፣ የካምፐሩ ሙቀትን በጣም ይችላል። እኔ ተቃጥሎ ያየሁት ባትሪው ሳይሆን የላላ ተርሚናልና ቀጭን ገመድ ነው።

«ቢኤምኤስ ካለው ፊውዝ ምን ያደርጋል»፦ ቢኤምኤስ ባትሪውን ነው የሚጠብቀው፣ ገመዳችሁን አይደለም።

«ቮልቴጁን አይቼ ምን እንደቀረኝ አውቃለሁ»፦ በአሲድ ባትሪ እሺ። ሊትየም ግን ከግማሽ በላይም ሆነ ከግማሽ በታች ያው 13.2 ቮልት አካባቢ ነው የሚያሳያችሁ፣ ከዛ መጨረሻው ላይ ገደል ይገባል። ሹንት (የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚለካ) ያለው ሞኒተር ግዙ።

«ሁሌ 100% መሞላት አለበት»፦ እሱ የአሲድ ባትሪ ህግ ነው። ሊትየም ለወራት የሚቆም ከሆነ ግማሽ አካባቢ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

«ብርድ አይነካውም»፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች መጠቀም ይቻላል፣ ቻርጅ ማድረግ ግን አይቻልም። ሊትየሙ ብረት ሆኖ ውስጥ ይለጠፋል፣ የሄደው አቅም ደሞ አይመለስም። ርካሾቹ ላይ የብርድ መቁረጫ የሌለው ቢኤምኤስ ስላለ ሳትገዙ ጠይቁ።

«የድሮው ቻርጀር ይሰራል»፦ አንዳንዱ ይሰራል፣ ግን አሲድ ባትሪ ለማደስ ብሎ ከ15 ቮልት በላይ የሚወጣ ፕሮግራም ካለውና ማጥፋት ካልቻላችሁ ይቅርባችሁ።

«2000 ዋት ኢንቨርተር አለኝ፣ አንድ ባትሪ ይበቃዋል»፦ ኢንቨርተር የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ነው። 2000 ዋቱን ለባትሪው 12.8 ቮልት አካፍሉት፣ ከ156 አምፔር በላይ ነው፣ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 175 ይጠጋል። የብዙዎቹ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ቢኤምኤስ ደሞ 100 አምፔር ላይ ነው የሚቆመው። የውሃ ማፍያውን ስትሰኩ ድርግም ሲልባችሁ «ባትሪው ብልሽት አለበት» ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ባትሪውን ገዝታችሁ ገጥማችሁ ከሆነና ዲሲ ቱ ዲሲው ገና ካልመጣ፣ መጀመሪያ በማስነሻው ባትሪ በኩል ያለውን ፊውዝ አውጡ፣ ከዛ ወደ ሊትየሙ የሚሄደውን ገመድ ነቅላችሁ ጫፉን በደንብ ሸፍኑት። እስከዛ በሶላር ብቻ ይሙላ፣ የሶላር ኮንትሮለሩንም ሊትየም የሚለው ላይ ማድረጋችሁን እዩ።