ጥሬ አትክልት ብቻ በመብላት ሰውነትን ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ምክር አለ። ለ7፣ ለ14 ወይም ለ21 ቀን እሳት ያልነካው አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ የበቀለ ጥራጥሬና ጭማቂ ብቻ ተመገቡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው መርዝ ይወጣል፤ ጉበታችሁ፣ ኩላሊታችሁና አንጀታችሁ ይጸዳል ይላል። ምክሩን የሚሞክሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ብዙዎቹ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የጨጓራ ሕመም ያሰለቻቸው፣ የመድኃኒት ዋጋ የከበዳቸው፣ ራሳቸውን ለመርዳት የሚጥሩ ናቸው። ስለዚህ ሊሳቅባቸው አይገባም፤ የሚገባቸው ማስረጃ ነው።

አትክልትና ፍራፍሬ በመብላት ላይ ጥያቄ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይመክራል፤ አብዛኞቻችን እዚያ አንደርስም። የማልቀበለው «ያጸዳል» የሚለውን ተስፋና «ጥሬ ብቻ» የሚለውን ትእዛዝ ነው።

«በሰውነታችን የተከማቸውን መርዝ ጥሬ ምግብ ጠርጎ ያወጣዋል»

የድሮ ሰው ኮሶ ሲጠጣ ምን ለማስወጣት እንደሚጠጣ ያውቅ ነበር። ጥሬ ሥጋ ያመጣበትን የኮሶ ትል ለማስወጣት ነው፤ ትሉ ሲወጣም በዓይኑ ያየዋል። እንቆቆውም መተሬውም የሚወሰዱት ለዚሁ ነበር። (ኮሶ መጠኑ ካለፈ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ብርቱ መድኃኒት ስለሆነ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን እጅግ ይሻላል።) የአሁኑን «ማጽጃ» ግን «የትኛውን መርዝ ነው የምታስወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን አይነግራችሁም። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በደም ምርመራ ተለክቶ መቀነሱን አያሳያችሁም።

ሰውነት የራሱ የጽዳት ሥራ አለው፤ አንድም ቀን አያቋርጥም። ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ፤ ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወጣሉ። ጉበት ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ይለውጣል፤ አልኮልንና መድኃኒትን ሰባብሮ ለሐሞትና ለኩላሊት ያስረክባል። እነዚህ ሲደክሙ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ እግር ያብጣል፣ ሽንት ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ የካሮት ጭማቂ የኩላሊት እጥበትን አይተካም። እንደ እርሳስ ያለ እውነተኛ መርዝ ሰውነት ውስጥ ሲገባም በደም ምርመራ ይለካል፤ ሕክምናውም ስምና መጠን ያለው መድኃኒት ነው።

«በአንጀት ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ አለ»

የለም። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በየ3 እስከ 5 ቀኑ ራሱን ያድሳል። በየቀኑ በካሜራ ትልቁን አንጀት የሚመረምሩ ሐኪሞች እንዲህ ያለ የተጋገረ ነገር አያገኙም። የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው አትክልት፣ ተልባና በቂ ውኃ በእርግጥ ይረዱታል፤ ይህ ግን ከማለስለስ አያልፍም።

«የወይራ ዘይትና ሎሚ ስጠጣ የሐሞት ጠጠሬ ወጣ፤ በዓይኔ አይቻለሁ»

ይህን የሚሉ ሰዎች አይዋሹም፤ በእርግጥም አረንጓዴ፣ ለስላሳ እንክብሎች ከሰገራቸው ጋር ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ያወጡት ዘገባ ነገሩን ያጠራዋል። አንዲት የ40 ዓመት ሴት በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር እንዳለባት ታውቋል። በአንድ የዕፅዋት መድኃኒት ሰጪ ምክር እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ የፖምና የአትክልት ጭማቂ ብቻ ስትጠጣ ዋለች፤ ከዚያም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይትና 300 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ጠጣች። በማግሥቱ እንክብሎቹ ወጡ። አስቀምጣ ለሐኪሞቹ ወሰደችላቸው።

ላቦራቶሪው ሲመረምራቸው እውነተኛ የሐሞት ጠጠር የሚሠራባቸው ኮሌስትሮል፣ ቢሊሩቢንና ካልሲየም የሉባቸውም። በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ሲቀመጡ ቀልጠው አረንጓዴ ዘይት ሆኑ። ሦስት አራተኛቸው ከስብ የሚገኝ አሲድ ነበር። የጠጣችው ዘይት በምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ተሰባብሮ፣ በሎሚው ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጋር ተዋሕዶ ሆዷ ውስጥ ሳሙና ሠርቷል ማለት ነው። እውነተኛዎቹ ጠጠሮች ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ እንዳሉ ነበሩ፤ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ወጡ። ጤነኛ ሰውም ያን ያህል ዘይትና ሎሚ ቢጠጣ ተመሳሳይ «ጠጠር» ሊያይ ይችላል።

«ራስ ምታቱና ድካሙ መርዙ እየወጣ መሆኑን ያሳያል፤ ታገሡት»

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ይኼ ነው፤ የሕመም ምልክትን የምሥራች ያደርገዋልና። የራስ ምታቱን ምክንያት ቡና ጠጪ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ማጽጃ የጀመረ ሰው ቡናውን ያቆማል፤ የቡና ሱስ ያለበት ሰው ባቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፣ ይበሳጫል፣ ይደበታል፤ እስከ 9 ቀን ሊቆይም ይችላል። በዚያ ላይ የሚበላው ምግብ ጉልበት ሰጪነቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሲነሣ ይዞረዋል። ተቅማጡ የሚመጣው በድንገት ከጨመረው አሰርና የፍራፍሬ ስኳር ነው። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ማለት ደም ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ «ታገሥ» አይባልበትም፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ወስዶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው የክብደት መቀነስም በአብዛኛው ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ያከማቹት ስኳር ሲያልቅ አብሮት የተያዘው ውኃ ይወጣል፤ እንጀራው ሲመለስ ኪሎውም ይመለሳል።

«እሳት ምግብን ይገድላል፤ ጥሬው ሕያው ኢንዛይም አለው»

የተክሉ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ የጨጓራ አሲድም እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈታውና ይፈጨዋል። ምግብ የምንፈጭበትን ኢንዛይም ቆሽትና ትንሹ አንጀት ራሳቸው ያመርታሉ። እሳት የሚጎዳው ነገር መኖሩ እውነት ነው፦ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል፣ ከቅቅል ውኃም ጋር ይደፋል። ስለዚህ ቃሪያውን፣ ሎሚውን፣ ብርቱካኑንና ቲማቲሙን ጥሬውን መብላት ጥሩ ነው። ግን ቲማቲም በዘይት ሲበስል ሊኮፔን የተባለው ንጥረ ነገር በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ካሮትም ሲበስል ቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ነገር የበለጠ ይሰጣል። ኮንሶዎች ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው ነው የሚበሉት።

የእኛ ወጥ ቤት እሳትን ብቻ ሳይሆን እርሾንም ያውቃል። ጤፍ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፊቲክ አሲድ አለ፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ አሲዱ ይቀንሳል፣ ማዕድኑም ለሰውነት ይቀርባል። ጥሬ ዱቄት በውኃ በጥብጦ የሚጠጣ ሰው ይህን ጥቅም ያጣል።

ጥራጥሬ ላይ ደግሞ «ጥሬ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ በቀጥታ አደገኛ ነው። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የተባለ መርዝ አለው፤ 4 ወይም 5 ፍሬ ብቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ማብቀሉ አስተማማኝ አይደለም። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ 30 ደቂቃ መቀቀል ያስፈልጋል፤ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ማብሰል ጉዳቱን ያባብሰዋል። እሸት ባቄላ በዘር የሚወረስ ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ የደም ሕዋሳት በድንገት ሊያፈርስበት ይችላል። ጓያን የወሎ፣ የጎንደርና የጎጃም ሰው ያውቀዋል፤ በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ጠፍቶ እሱን ብቻ ለወራት የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል። እሸቱም ቆሎውም ለዚህ ያጋልጣሉ። አረንጓዴ የሆነ ድንች በጥሬውም ተቀቅሎም አይበላም።

«ጾም ስለምንጾም ከእንስሳት ውጤት መራቅ አይጎዳንም»

ጾማችን ይፈታል፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ቫይታሚን ቢ12 በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በአትክልት ውስጥ የለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ይይዛል፤ ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ይሞላል። ለዓመታት ሳይፈታ የሚኖር «ጥሬ በላተኛ» ግን ስንቁን ይጨርሳል፤ ከዚያ የደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግር ይመጣል። የነርቩ ጉዳት ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። ስፒሩሊና የተባለው አልጌ ይተካዋል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ በውስጡ ያለው በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ተመሳሳይ ነገር ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በጀርመን ጊሰን ከተማ የተሠሩ ጥናቶች ለዓመታት ጥሬ ምግብ የሚበሉ ሰዎችን ተመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 201 ሰዎችን መርምሮ ጎጂው ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አግኝቷል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ጠቃሚው ኮሌስትሮልም ዝቅ ብሎ ነበር፤ 38 በመቶዎቹም የቢ12 እጥረት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ደግሞ ዕድሜያቸው ከ45 በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቷል ወይም ጨርሶ ቆሟል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህን ምግብ ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ ቢ12 የሌለው የእናት ጡት ወተት የሕፃኑን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል።

«ሎሚና አትክልት ደምን አልካላይን ያደርጋሉ»

የደም ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የሚጠብቁትም ሳንባና ኩላሊት ናቸው። ምግብ የሚለውጠው የሽንትን ነው። በወረቀት የሚለካው ሽንት ስለ ደም አይናገርም።

«አረንጓዴ ጭማቂ ቢበዛ አይጎዳም»

ቆስጣና ቀይ ሥር ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል። አንድ ሰው በአንድ ማዕድ ሊበላ የማይችለውን ክምር ቆስጣ በአንድ ብርጭቆ ጨምቆ ይጠጣዋል፤ ኦክሳሌቱ ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ ሊደፍነው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የኩላሊት ሕክምና መጽሔት ላይ የተዘገበች የ65 ዓመት ሴት ጤነኛ ኩላሊት ነበራት፤ አረንጓዴ የማጽጃ ጭማቂ ከጠጣች በኋላ ኩላሊቷ ጨርሶ ቆመ። ቀደም ሲል የተደረገላት የጨጓራ ቀዶ ሕክምናና የወሰደችው አንቲባዮቲክ አጋልጠዋታል። የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው በጭማቂው ያለው ፖታሲየምም ልብን ሊያቆም ይችላል።

«ጥሬ አትክልት ንጹሕ ምግብ ነው»

በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ሰላጣና ጎመን በአቃቂ ወንዝ የተበከለ ውኃ ይለማል። በቅጠሉ ላይ የወስፋት እንቁላል፣ አሜባ፣ ጃርዲያና የታይፎይድ ተሕዋሲ ሊኖር ይችላል። ሰውነቱን ሊያጸዳ የተነሣ ሰው ወስፋት ሊገባበት ነው ማለት ነው። ኮምጣጤና ክሎሪን ብዙ ጀርም ይገድላሉ፤ የወስፋት እንቁላልን ግን ክሎሪን አይደፍረውም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ጥሬ የሚበላውን ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ነጥላችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እያሻችሁ እጠቡት፤ የሚላጠውን ላጡት። ምንጩ የማይታወቅ ጎመንና ቆስጣ ግን እሳት ይንካው።

«ስኳርንም ካንሰርንም ይፈውሳል፤ መድኃኒት አያስፈልግም»

የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው የሆስፒታል ሕክምናን ትተው አማራጭ መድኃኒት ብቻ የመረጡ ሰዎች፣ ሕክምና ከወሰዱት 2.5 እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ነበሩ። ዕጢው የጠፋውን ጊዜ አይመልስም። አትክልት የጨመረ የስኳር ሕመምተኛ የስኳሩ መጠን ሊወርድ ይችላል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፤ የክኒኑን ወይም የኢንሱሊኑን መጠን የሚቀንሰው ግን ውጤቱን ያየው ሐኪም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ጎመንና ቆስጣ አይከለከልም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አረንጓዴ ጭማቂ ከጀመረ ግን ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ሊጀምር ካሰበ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካውን አይኤንአር የተባለ ምርመራ ያሠራ፣ የሚበላውንም መጠን ከሳምንት ሳምንት እኩል ያድርግ።