በአጭር ሞገድ የሚሰማን ወታደራዊ ግንኙነት መለየት ምንድን ነው?

ማታ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለውን አጭር ሞገድ የሚዳስስ ሰው ከጣቢያዎቹ መሀል ፉጨት፣ ጉርምርምታና ፊደል የሚቆጥር ድምፅ ያጋጥመዋል። ከእነዚህ የትኛው የጦር ኃይል እንደሆነ መለየት መልእክቱን መፍታት ማለት አይደለም፤ የተመሰጠረ ነውና አይፈታም። በፍሪኩዌንሲው፣ በድምፁ ዓይነት፣ በንግግሩ ሥርዓትና በሰዓቱ ተነሥቶ ባለቤቱን መጠቆም ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

ተራ ሬዲዮ አይሆንም፤ ኤስኤስቢ (የሞገዱ አንድ ጎን ብቻ የሚላክበት የንግግር ስልት) የሚቀበል ያስፈልጋል። ያለዚያ ንግግሩ አፍንጫውን ይዞ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። መምረጫው «ዩኤስቢ» ላይ ይሁን (የላይኛው ጎን ማለት ነው፤ ከፍላሽ ጋር ግንኙነት የለውም)። 10 ሜትር ያህል ሽቦ ከፍ አድርጎ መዘርጋት ለአንቴና ይበቃል። የቤት ውስጥ ጠላቶች ኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀርና የሶላር ኢንቨርተር ናቸው። ሐይቁ ዳር ወርዶ ማዳመጥ የሚጠቅመው ከመብራት ሽቦ ስለሚያርቅ እንጂ በውኃው ምክንያት አይደለም፤ ጣና ጨው አልባ ስለሆነ እንደ ባሕር ሞገድ አያግዝም።

ለመጀመር ቀላሉ የአሜሪካ አየር ኃይል መረብ ነው፦ 4724፣ 6739፣ 8992፣ 11175፣ 13200 እና 15016 ኪሎኸርዝ። ቀን ከፍ ያሉትን፣ ሌሊት ዝቅ ያሉትን ይሞክሩ። በመረቡ ላይ መልእክት የሚያነበው ሰው በመጀመሪያ ስድስት ፊደልና ቁጥር ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፣ ከዚያ «ስታንድ ባይ» ይላል፣ ቀጥሎም ሙሉውን መልእክት በአልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ አነጋገር (እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደል በቃል እየጠራ) ያነባል። አብዛኛው መልእክት 30 ፊደልና ቁጥር ነው። ከ11175 ቁልፉን ትንሽ ከፍ አድርገው 11300 ላይ ሲደርሱ ደግሞ አብራሪ ከፍታውንና ቦታውን ለአዲስ አበባ ወይም ለካርቱም ሲያሳውቅ ይሰማሉ። ይህ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። በዓለም አቀፉ ድልድል ከ11175 እስከ 11275 ያለው በአብዛኛው ለወታደር በረራ፣ ከ11275 እስከ 11400 ያለው ለሲቪል መስመር ነው።

4625 ኪሎኸርዝ ላይ ሌሊት በደቂቃ 25 ጊዜ ያህል የሚጮኸው ጥሩንባ መሰል ድምፅ የሩሲያ ነው፤ አንዳንዴ ይቋረጥና በሩሲያኛ ስምና ቁጥር ይነበባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንግግር በሌለበት ነው። ለጥቂት ሰከንድ እንደ ወፍ የሚንጫጫው ኤኤልኢ ይባላል፦ ከ750 እስከ 2500 ኸርዝ፣ በ250 ኸርዝ ልዩነት የተደረደሩ 8 ቃናዎች፣ በሰከንድ 125 ቃና። ጣቢያዎች አመቺ ፍሪኩዌንሲ የሚፈላለጉበት ጥሪ ነው። የጣቢያውን መጠሪያ በኮምፒውተር ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። መነሻው ወታደራዊ መስፈርት ቢሆንም ሲቪል መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶችም ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ መጠሪያውን ሳያዩ «ወታደር ነው» ማለት ችኮላ ነው።

ቆሞ እንደሚንተከተክ ባጃጅ የሚያጉረመርመው ከአድማስ ባሻገር የሚያይ ራዳር ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነር የሚባለው የሩሲያ ራዳር የያዘውን የፍሪኩዌንሲ ስፋት በሰከንድ 50 ጊዜ ይጠርጋል። ችግሩ፣ የእኛም መብራት 50 ኸርዝ መሆኑ ነው። ለማጣራት ሬዲዮውን በባትሪ ያሠሩና የቤቱን ቆጣሪ ያጥፉ። ጉርምርምታው ከጠፋ የቤትዎ ነው። ካልጠፋ ጠርዙን ይፈልጉ፦ ራዳር አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎኸርዝ ስፋት ይዞ ግራና ቀኙ ቁርጥ ያለ ነው፣ ድንገት ይጠፋና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። የመብራት ጫጫታ ግን ጠርዝ የለውም። የጎረቤት ኢንቨርተር ከሆነ ደግሞ ሬዲዮውን ይዞ ሃምሳ ሜትር መራመድ ያጋልጠዋል።

በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ድምፁ በቬንትሌተር በኩል እንደሚመጣ ሊርገበገብ ይችላል። ይህ ምሥጠራ አይደለም። አገራችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በላይኛው አየር ላይ ያለው ሞገድ አንጸባራቂ ንብርብር ስለሚረበሽ ነው።

የሰሙትን ከሌሎች መዝገብ ጋር ለማስተያየት ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) ይጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ለቀን ሰዓት 3፣ ለሌሊት 15 ይደምሩ፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሱ። ከቀኑ 6 ሰዓት 09:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ስልክዎ ቀኑን ቢለውጥም ዩቲሲ ገና አልለወጠም፤ የትናንቱን ቀን ይመዝግቡ።