የቤተሰብ እውቀትና ባህል በሰሜን ሸዋ ቅድመ መደበኛ ትምህርት

በሰሜን ሸዋ ዞን ቅድመ መደበኛ ትምህርት በገጠር በአብዛኛው የሚሰጠው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው የ«ኦ» ክፍል ነው። በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች የግል መዋዕለ ሕፃናትም አሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመንዝና የተጉለት ልጅ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግም ነበር፤ በይፋት ቆላ ደግሞ ቁርኣን ይቀራ ነበር። ሁለቱም ዛሬም አሉ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ወላጆችን ማስተማርን ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። ወላጅ ምን እንደሚያስተምር መጠየቁም ያንኑ ያህል ተገቢ ነው።

ጥጃና ጠቦት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ክፍል ገብቶ «ቀለም አይለይም» ይባላል፤ ዳለቻን ከቡላ፣ ቡሬን ከመጋላ በሩቅ ለይቶ የሚጠራ ልጅ! አንዲት በግ ብትጎድል ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ሲፈተል፣ ባና እና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ብርድ ልብሶች ሲሸመኑ እያየ ያደገም ክንድና ስንዝርን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ወንዝ መሆኑን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጆች የሩቅ አገር ስም የሚለምዱት በዚህ ነው። ገበጣና ቅልብልቦሽ ቁጥር ያስለምዳሉ፤ ወጪያቸው ጠጠር ብቻ ነው።

ይህ የቤት እውቀት ክፍል ውስጥ እንዳይታይ የሚያደርገው ችግር ከሁለት ወገን ይመጣል። በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገን ልጅ መምህሯ ፈዛዛ ልትለው ትችላለች፤ አማርኛን ከኦሮምኛ ወይም ከአርጎብኛ ቀጥሎ ለሚሰማ ልጅ ደግሞ ዝምታው ሌላ ምክንያት አለው። ወላጁም «ጨዋታውንማ ቤቱም ይጫወታል» ብሎ ደብተር ሙሉ ፊደል ይጠብቃል።

የቤትን እውቀት ወደ ክፍል ለማምጣት አያቶችን ጋብዞ ተረት ማስነገር ቀላሉ መጀመሪያ ነው፤ ቀኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ማርያም ወይም ሚካኤል በሚከበርበት ዕለት ገበሬው ስለማያርስ ለመምጣት ይመቸዋል፤ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ግን ይፋት ላይ የሚመጣ አያት አይገኝም።